በኮንቴይነሩ ላይ ያለው የራስ ቅል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዳማ ነው። ዱቄትና ጥራጥሬ ልሸጥበት ብዬ በደላላ በኩል አሮጌ ኮንቴይነር ገዛሁ። በአራቱም ጎኑ በጥጉ የቆመ ነጭ ካሬ ተለጥፎበታል። ሥዕሉ የራስ ቅልና አጥንት ነው፣ ከታች 6 ይላል። አጠገቡ ብርቱካናማ ላይ 2588 ተጽፏል። ደላላው «የመርከብ ጌጥ ነው፣ ቀለም ቀቢው» አለኝ። ልቀባው?

መልስ፦ እህቴ፣ ብሩሹን ለጊዜው አስቀምጪው። ጌጥስ አይደለም።

ይሄ ምልክት በመርከብ ለሚጓዝ አደገኛ ጭነት ዓለም አቀፉ የማሪታይም ድርጅት ባወጣው ደንብ የታዘዘ ነው። መርከበኛው ቻይንኛ ይናገር ዓረብኛ፣ የጅቡቲ ወደብ ሠራተኛም ሆነ የኛ ሹፌር፣ ሳያነብ በሥዕሉ ብቻ እንዲገባው ነው የተሠራው። በየትኛውም ጎን ቢመጡ እንዲታይ በአራቱም ይለጠፋል፤ ጎኑም ከ25 ሳንቲሜትር አያንስም። ባሕር ውስጥ 3 ወር ቢነከር እንኳ መለየት አለበት። ያንቺም እስካሁን ሳይላጥ የቆየው ወዶ አይደለም።

አደገኛ ጭነት 9 ክፍል አለው። 6 ከራስ ቅል ጋር መርዝ ማለት ነው። 2588 ደግሞ የዕቃው መለያ ነው፦ መርዛማ ጠጣር ፀረ-ተባይ። በጅቡቲ መንገድ የሚያልፍ ቦቴ ላይ 1203 ካየሽ ቤንዚን፣ 1202 ከሆነ ናፍጣ ነው። ሰማያዊ ምልክት ካየሽ ግን ውሃ ሲነካው ተቀጣጣይ ጋዝ የሚያወጣ ነገር ነውና፣ እሳት ተነሳ ብሎ ባልዲ ይዞ መሮጥ ነገር ማባባስ ነው።

ወደ ጉዳይሽ ልመለስ። በደንቡ ጭነቱ ወርዶ ኮንቴይነሩ ከጸዳ ምልክቱ ይነሳል። ካልጸዳ፣ ባዶም ቢሆን እንደተለጠፈ ይቆያል። ስለዚህ ወይ አንድ ሰው ሰንፎ ሳያነሳው ቀርቷል፣ ወይ ከነጭራሹ አልጸዳም። የትኛው እንደሆነ እኔም አንቺም ከውጭ አይተን አናውቅም፤ ደላላውማ ጭራሽ። የኮንቴይነር ወለል አብዛኛውን ጊዜ እንጨት ነው፤ እንጨት ይመጥጣል፣ በኦሞ ብታሺውም የገባው አይወጣም። መርከብ ላይ እንኳ ብርቱ መርዝ ከምግብ ጋር በአንድ ኮንቴይነር አይጫንም።

ዱቄት አታስገቢበት። ብርሽን አስመልሺ፣ እምቢ ካለም ምልክቱን ፎቶ አንሺና ያዢ። ሌላ ስትገዢ ቀለሙ ላይ በጥጉ የቆመ ካሬ የሙጫ ዱካ ፈልጊ፣ የድሮ ጭነቱን ወረቀትም ጠይቂ። ብቻ በማሽተት ለመለየት እንዳትሞክሪ።