መልስ፦ ለንደን ውስጥ እየሮጡ የሰፈር አትክልት ቦታ ማገዝ

እህቴ፣ «ሩጫዬ ዝግ ያለ ነው፣ የአትክልት ሥራም አላውቅም፤ ጉድጂም ይቀበሉኛል?» ላልሽው፦ ያለ ሐሳብ ሂጂ! ጉድጂም (GoodGym) ምሥራቅ ለንደን የተጀመረ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። አባላቱ በቡድን ሮጠው የሚያግዙበት ቦታ ይደርሳሉ፣ አግዘው እየሮጡ ይመለሳሉ። መሮጥ ከከበደሽ በእግር ወይም በብስክሌት የሚኬድባቸው ሥራዎችም አሉ።

የአትክልት ቦታ ሲሆን አረም መንቀል፣ አፈርና ኮምፖስት በጋሪ ማመላለስ ነው፤ እዚያው ያሳዩሻል። እኔ ከሩጫው ይልቅ የማስበው ለወገብሽ ነው፦ አካፋ ስታነሺ ከጉልበትሽ እጠፊ፣ ጋሪውን አትሙዪው። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ላብሽ ሳይደርቅ ቆመሽ ስትሠሪ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ የምትደርቢው ሹራብና ጓንት ያዢ። ጫማሽም ጭቃ የሚችል ይሁን።