ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ለደም ግፊት ስንት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ52 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ደም ግፊት እንዳለብኝ ከተነገረኝ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም በቀን አንድ እወስድ ነበር። ቁርጭምጭሚቴን ስላሳበጠኝና ኩላሊት ይጎዳል ስለተባልኩ ከአምስት ሳምንት በፊት ተውኩት። በምትኩ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ ሦስት ፍሬ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በማርና በሎሚ እበላለሁ። በአራተኛው ቀን ስለካ 134/84 ሆኖ ደስ አለኝ፤ አሁን ግን 168/102 አሳየ። ራሴን አያመኝም፤ ጨጓራዬን ብቻ ያቃጥለኛል። ባለፈው እሑድ ቡና ስቀዳ ቀኝ እጄ ዝሎ ሲኒው ወደቀብኝ፤ ምላሴም ትንሽ ተሳሰረ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተወኝ። ጎረቤቶቼ ብርድ ነው ብለው በጤና አዳም አሹኝ። አባቴ ያረፈው በስትሮክ ነው። ነጭ ሽንኩርቱን ስድስት ፍሬ ላድርገው? ጥቁር አዝሙድስ ልጨምርበት?

መልስ፦ ነጭ ሽንኩርቱ ይቆየን። በአንድ መስመር ብቻ ያለፉትን የሲኒውን ነገር እናስቀድም፤ የጻፉልኝም በእሱ ምክንያት ይመስለኛል፤ አለበለዚያ አባትዎን ባላነሡ ነበር።

ቀኝ እጅና ንግግር በአንድ ጊዜ ሲያዙ ሐኪም የሚያስበው የአእምሮን ግራ ክፍል ነው። ብርድ እጅን ያደነዝዝ ይሆናል፤ በዚያው ደቂቃ ምላስን ግን አያስርም። ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ይህን የምንይዘው አላፊ ስትሮክ ነው ብለን ነው። ወደ አእምሮ የሚሄድ የደም ሥር ለጥቂት ደቂቃ ተዘግቶ ተከፍቷል ማለት ነው። በራሱ መተዉ የሚያስደስት ቢሆንም ነፃ አያወጣዎትም። ከእንዲህ ያለ ምልክት በኋላ ሙሉ ስትሮክ የመምጣቱ ዕድል ከፍተኛ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው፤ ቀጥሎ ያሉት ሳምንታትም የዋዛ አይደሉም። እሑድ ወድቆ የነበረው ሲኒ እሑድ ዕለት ድንገተኛ ክፍል ሊያደርስዎት ይገባ ነበር። ደብዳቤ የሚጻፍበት ጉዳይ አልነበረም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግን አልነበረም።

ስለዚህ ይህን ሲያነቡ ዛሬውኑ የአእምሮ ምስል ማንሣት ወደሚችል ሆስፒታል ይሂዱ፤ «ሰኞ እሄዳለሁ» አይሠራም። የሚያይዎት ሐኪም የልብ ምትዎን በኢሲጂ፣ የአንገት ደም ሥርዎን በአልትራሳውንድ፣ ስኳርና ኮሌስትሮልዎን በደም ምርመራ ማየት ይፈልጋል። የኪኒኑን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ፤ ያቆሙበትን ቀንም ሳይደብቁ ይንገሩት። ያመለጠኝን ላካክስ ብለው ሁለት ሦስት ኪኒን በአንዴ አይዋጡ። አስፕሪንም ከፋርማሲ ገዝተው አይጀምሩ። የተዘጋ ደም ሥርና የሚደማ ደም ሥር ከውጭ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ፤ አስፕሪን ለአንዱ መድኃኒት፣ ለሌላው ቤንዚን ነው።

እንደገና ከመጣብዎ ደግሞ፣ ማለትም ፊት ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ ክንድ አልነሣ ካለ ወይም ንግግር ከተጎተተ፣ ቤት ያለው ሰው ሰዓቱን ይያዝ፤ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ ወይም ባገኘው መኪና ይውሰድዎት። የረጋ ደም የሚያሟሟው መርፌ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ሰዓቱን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ሐኪሙ መርፌውን መስጠት ይቸገራል። ሎሚም፣ ውሃም፣ ኪኒንም በአፍ አይሰጥ፤ መዋጥ ያቃተው ሰው ወደ ሳንባው ይገባበታል። ዳማከሴ ፍለጋ ሰፈር መዞርም ይቅር። ይህን ልጆችዎ ያንብቡት፤ በዚያች ሰዓት እርስዎ መናገር ላይችሉ ይችላሉ።

ወደ 134/84 ልምጣ። ያ የነጭ ሽንኩርቱ ውጤት አልነበረም። አምሎዲፒን ቀስ ብሎ የሚወጣ መድኃኒት ነው፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ብቻ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጃል። በአራተኛው ቀን የለኩት የኪኒኑን ቅሪት ነው፤ ቅሪቱ ሲያልቅ 168 ብቅ አለ። እንዲህ ያለ ኪኒን ትቶ ቅጠል የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚደሰተው ብዙ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው። ራስዎን አለማመሙም ምስክር አይሆንም፤ አብዛኛው የደም ግፊት ምንም አይሰማም።

ኩላሊት ይጎዳል ያለዎት ሰው ነገሩን ገልብጦታል። ኩላሊት የሚጎዳው ግፊቱ ነው፤ መድኃኒቱ ይከላከልለታል። የቁርጭምጭሚቱ እብጠት እውነት ነው፤ አላበዙትም። አምሎዲፒን ትናንሽ ደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ፈሳሽ ወደ እግር ይወርዳል። ይህ የኩላሊት መድከም ምልክት አይደለም፤ መጠኑን በመቀነስ፣ ሌላ መድኃኒት በመጨመር ወይም በመቀየር ይስተካከላል። እብጠቱን ለሐኪምዎ ነግረውት ቢሆን ኖሮ በአንድ ቀጠሮ ያልቅ ነበር።

አሁን ነጭ ሽንኩርቱ። ጥቅም የለውም አልልም። ሲቀጠቀጥ አሊሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይፈጠራል፤ በጥናቶችም ግፊትን በጥቂት ነጥብ ሲቀንስ ታይቷል፤ ያውም በአብዛኛው የተለካው በተመጠነ እንክብል ነው። እርስዎን ከ168 ወደ 130 ለማውረድ ግን ወደ አርባ ነጥብ ያስፈልጋል። ስድስት ፍሬ ይቅርና አንድ ራስ ሙሉ ቢበሉ የሚያተርፉት የጨጓራ ቃጠሎ ነው። በባዶ ሆድ መብላቱን ዛሬውኑ ያቁሙ። ለምግብ አንድ ሁለት ፍሬ ቀጥቅጠው አሥር ደቂቃ ያሳርፉትና ሽሮው ሊወርድ ሲል ይጨምሩት፤ ከሽንኩርቱ ጋር ከመጀመሪያው ከተቁላላ የሚተርፈው ጣዕሙ እንጂ አሊሲኑ አይደለም። ከምርመራው በኋላ ደም ማቅጠኛ ከታዘዘልዎ ጥሬውን በብዛት አይብሉ፤ መድማትን ያባብሳል። የታዘዘው ዋርፋሪን ከሆነ ጎመንም ቫይታሚን ኬ ስላለው በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን ይሁን፤ አንድ ሳምንት ጠግበው፣ በሌላው ፈጽሞ ትተው አይሆንም።

ጥቁር አዝሙድ በዳቦና በበርበሬ ውስጥ በሚገባው ልክ አይጎዳዎትም፤ ዘይቱን በማንኪያ መጠጣት ግን ይቅር። ቀይ ሥር ደህና ነው፤ በውስጡ ያለው ናይትሬት ደም ሥርን ትንሽ ያላላል። ሽንትዎ ቢቀላ አይደንግጡ። አብሽ ስኳር ስለሚቀንስ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው በባዶ ሆዱ ባይጠጣው ይሻላል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ግፊትዎን የሚያንቀሳቅሰው ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ያህል። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ ጨው ገብቶባቸዋል፤ በላዩ ወጡ ውስጥ ጨውና የሾርባ ኩብ ይጨመራል። በርበሬዎን ያለ ጨው ያስፈጩ፤ ኩቡን ይተዉት።

ግፊት ሲለኩ የቀበናን ዳገት ወጥተው እንደገቡ አይሁን። አምስት ደቂቃ ተደግፈው ይቀመጡ፤ እግርዎን ሳያጣምሩ፣ ክንድዎን በልብዎ ትክክል አሳርፈው ሁለት ጊዜ ይለኩ። ከመለካትዎ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ። ጾም ሲገባም ኪኒን መዝለል አያስፈልግም፤ አምሎዲፒን ምግብ ኖረም አልኖረም ይወሰዳል፤ ከሐኪምዎ ጋር ተስማምተው ማታ 2 ሰዓት ላይ ሊያደርጉት ይችላሉ።