ልጅሽን የከበዳት ፊደሉ አይደለም፤ ነገሩ ነው

እህቴ፣ «ልጄ 9ኛ ክፍል ናት፤ የእንግሊዝኛ ምንባብ ሳትደናቀፍ ታነባለች፤ ምን ይላል ስላት ግን ዝም ትላለች። ቃላት ላስሸምድዳት?» ብለሽ ጠይቀሻል። ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ያየሁትን ልንገርሽ።

ቃላት ይጠቅማሉ፤ ብቻቸውን ግን አይበቁም። በራሳችን ቋንቋ እንየው። «ከቅጣት ምት የተሻማውን ኳስ በግንባሩ ገጭቶ አስቆጠረ፤ ዳኛው ግን ከጨዋታ ውጪ ነው ብለው ሻሩት።» ኳስ የማይከታተል ሰው ቃላቱን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። ጎሉ ለምን እንደተሻረ ግን አይገባውም፤ የጎደለው ቃል ሳይሆን ስለ ነገሩ ማወቁ ነው።

ሬክትና ሌስሊ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ1988 አሳይተዋል። ተማሪዎች ስለ ቤዝቦል ጨዋታ አንብበው የሆነውን በሞዴል ሜዳ ላይ እንዲያሳዩ ተደረገ። በንባብ ደካማ የተባሉ፣ ቤዝቦል ግን የሚያውቁ ልጆች፣ ጨዋታውን የማያውቁትን ጎበዝ አንባቢዎች በለጧቸው።

እኔም ክፍል ውስጥ ያየሁት ይኸው ነው። ስለ በረዶ ስፖርት ሲያነቡ ዝም የሚሉ ልጆች፣ ስለ ወባ ሲሆን እጃቸውን ያወጡ ነበር። እንግሊዝኛው የሚከብደው ደግሞ የወባው ነው!

ሁለተኛው ነገር ለምን እንደምታነብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ፒቸርትና አንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ አንድ ቤት የሚተርክ ጽሑፍ ለሰዎች አስነበቡ። አንዳንዶቹን እንደ ቤት ገዢ፣ ሌሎቹን እንደ ሌባ ሆናችሁ አንብቡ አሏቸው። ገዢው የሚያፈሰውን ጣሪያ፣ ሌባው ቴሌቪዥኑን አስታወሰ። ጽሑፉ አንድ ነው።

ልጆቻችን ግን ድምፅ አውጥተው ሳይሳሳቱ ሲያነቡ ይጨበጨብላቸዋል። ስለዚህ ዓላማቸው አለመደናቀፍ ይሆናል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ ጥፋቱ የልጆቹ አይደለምና።

እንዲህ አድርጊ። መጽሐፉን ከመግለጧ በፊት ስለ ርዕሱ የምታውቀውን በአማርኛ ታውራሽ። ስለ ወባ ከሆነ ለምን ቆላ ላይ እንደሚበዛ፣ የታቆረ ውሃ ምን እንደሚያመጣ ጠይቂያት። ከዚያ አንድ እውነተኛ ጥያቄ ስጫት፤ «አጎበር ብቻውን ለምን አይበቃም?» ዓይነት። በዝምታ ታንብብ። መልሱን በአማርኛ ብትነግርሽም ተቀበያት፤ እንግሊዝኛው ይደርሳል።

ለፈተና ከምንባቡ ሥር ያሉትን ጥያቄዎች አስቀድሞ ማየት ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ከሆነ ግን መልስ ለቅማ ትሄዳለች እንጂ ሐሳቡን አትይዝም።

አንድ ቦታ ላይ ስትቆም ደግሞ የጎደላት ቃሉ ነው ወይስ ነገሩ ብለሽ ለዪ። ቃሉ ከሆነ መዝገበ ቃላት ይበቃታል። ነገሩ ከሆነ ግን በታች ክፍል በአማርኛ የተማረችበትን የሳይንስ መጽሐፍ ፈልጊላትና መጀመሪያ እሱን ታንብብ።