ሙሉ ጥርስ መሥራት ለምትማሩ ልጆች

ልጆች፣ መጀመሪያ የሠራሁት ሙሉ ተነቃይ ጥርስ በጣም ያምር ነበር። ነጭ፣ እኩል፣ ግጥም ያለ። ኮራሁበት። ጥርሱ የተሠራላቸው እናት ግን በሳምንቱ በመሐረብ ጠቅልለው ይዘውት መጡ። «ልጄ፣ ጥርሱስ ጥሩ ነው። የኔ አይመስልም እንጂ» አሉኝ። ከቦርሳቸው አንድ የድሮ ፎቶ አወጡ። የሠርጋቸው ቀን ነው። ይስቃሉ። ፍንጭታቸው ወለል ብሎ ይታያል። እኔ ደፍኜው አርፌያለሁ!

ፍንጭት እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

ጥፋቴ የእጅ አልነበረም። እሳቸውን አይቻቸው አላውቅም ነበር። ጥርስ የምንሠራበት ላቦራቶሪ የሚደርሰን የአፋቸው የጄሶ ሞዴልና አንዲት ብጣሽ ወረቀት ነው፤ «ሙሉ፣ ከላይና ከታች፣ ኤ2»። ኤ2 የጥርሱ ቀለም ቁጥር ነው። ጄሶ ደግሞ ፊት የለውም። ከዚያ ወዲህ የድሮ ፎቶ ካለ ይምጣልኝ እላለሁ። የሰም ሙከራ ቀን፣ ጥርሱ ገና በሰም ላይ ተሰክቶ አፋቸው ውስጥ ሲለካ፣ ሐኪሙን አስፈቅጄ ወንበሩ አጠገብ እቆማለሁ። ይህን የማይወድ ሐኪም አይጠፋም። ቻሉት። ጥርሱ ሰም ላይ እያለ ማንቀሳቀስ የደቂቃ ሥራ ነው። ሰሙ በአክሬሊክ፣ ማለትም በጠንካራው ፕላስቲክ፣ ከተተካ በኋላ ግን አሳር ነው።

እዚያ ስትቆሙ ጆሯችሁንም አትርሱ። «ስልሳ ስድስት» አስብሏቸው። ፈረንጆቹም ለዚሁ ሙከራ ይህንኑ ቁጥር በእንግሊዝኛ ያስጠራሉ። በእኛም ቋንቋ «ስ» የሞላበት ሆኖ መገኘቱ ዕድል ነው። «ስ» ሲባል የላይና የታች ጥርስ ይቀራረባል እንጂ አይነካካም። ቋ ቋ ካለ ቁመቱ በዝቷል ማለት ነው። ቀጥሎ «ፋሲካ» ይበሉ። «ፋ» ላይ የላይኛው የፊት ጥርስ ጫፍ የታችኛውን ከንፈር ለስለስ አድርጎ መንካት አለበት። ዝም ብለው ዘና ሲሉ ደግሞ በላይና በታች መካከል ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር። እሱ ከሌለ ማታ ማታ «መንጋጋዬ ዛለ» የሚል ስሞታ ጠብቁ።

የሚያስለቅሳችሁ የታችኛው ነው። የላይኛው ሰፊ ላንቃ አለው፤ ስስ ምራቅ መሐል ሲገባ ተለጥፎ ይቀመጣል። የታችኛው የሚያርፍበት ቦታ የላይኛውን ግማሽ ቢሆን ነው። ምላስ ከውስጥ፣ ጉንጭ ከውጭ ይገፉታል። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ አጥንቱም እየሟሸሸ ይሄዳል፤ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት፣ በተለይ ታች። ስለዚህ ጥርሶቹን ወደ ውስጥ ሰብስባችሁ የምላስን ቦታ አትቀሙ። ቆሎውንም ነገር ቀደም ብላችሁ ንገሯቸው።

አሁን አክሬሊኩን ወደ ማፍላቱ። ዱቄቱ 3 እጅ፣ ፈሳሹ 1 እጅ። ከተቀላቀለ በኋላ መጀመሪያ አሸዋ ይመስላል፣ ቀጥሎ እንደ ማር ይጎተታል፣ ከዚያ እጅ ላይ የማይጣበቅ ሊጥ ይሆናል። ፍላስክ፣ ማለትም የብረት ቅርጽ ማውጫው፣ ውስጥ የሚገባው ያኔ ነው። መጽሐፉ በ74 ዲግሪ ሰዓት ተኩል አቆይታችሁ በ100 ዲግሪ አንድ ሰዓት አፍሉት ይላችኋል። መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ጠለል ላይ ሆኖ ነው። አዲስ አበባ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል! እኔ ሌላኛውን መንገድ እመርጣለሁ፤ 74 ዲግሪ ላይ 9 ሰዓት፣ ሌሊቱን ሙሉ። ማታ ከትታችሁት ግቡ። ለመቸኮል ብላችሁ ቀዝቃዛውን በቀጥታ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ከጨመራችሁ፣ ወፈር ያለው ቦታ ላይ ፈሳሹ ከውስጥ ይፈላና እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል። ሲያልቅም ቧንቧ ሥር አትክተቱት፤ ይጣመማል። በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ።

አሁን ጥርስን በኮምፒውተር ነድፎ የሚያወጣ ስካነርና ማተሚያ መጥቷል። ተማሩት፣ አትፍሩት። ኮምፒውተሩ ግን እኔ ያኔ የሠራሁትን ዓይነት ጥርስ ነው የሚወደው፤ እኩል፣ ግጥም ያለ። ፍንጭቱን የምትከፍቱት እናንተ ናችሁ። የድዱም ቀለም እንደዚያው። ድዳቸውን የተነቀሱ የሰሜን እናት አፍ ውስጥ ሮዝ አክሬሊክ ምን እንደሚመስል አስቡት። ጠቆር ያለውን እዘዙ።

ስትሞርዱ ማስክ አድርጉ። የእኔን ሳል ሰምታችኋል።

ይህን ሁሉ ስላችሁ ደግሞ ሌላ ስህተት አለብኝ። ከዝዋይ አካባቢ አንድ አባት መጡ። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይዱ ብዙ ነው፤ ልጅነቱን እዚያ ያሳለፈ ሰው ጥርሱ ይበልዛል። እኔ ልምዴን ተማምኜ ለዕድሜያቸው የሚስማማ ጠቆር ያለ ቀለም መረጥኩላቸው። ቀለም መምረጫው ላይ 16 ቀለም አለ፤ እሳቸው ነጩን በጣታቸው ነኩ። «አባባ፣ ተፈጥሮ አይመስልም» አልኳቸው።

«ተፈጥሮዬንማ አውቀዋለሁ» አሉኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ አፌን በእጄ ሸፍኜ ነው የሳቅሁት።»

ነጩን ሠራሁላቸው። ለማስተካከል ሁለት ጊዜ ተመልሰው መጥተዋል። ሲስቁ እጃቸው አሁንም ወደ አፋቸው ይሄዳል።