መልስ፦ በሞላሰስና በዳቦ እርሾ ነዳጅ ይሠራል ወይ?

ወንድሜ፣ ሰበታ ለላሞችህ ከምትገዛው ሞላሰስ በዳቦ እርሾ ነዳጅና ኢንዛይም (እንደ ስኳር ያለውን ነገር የሚሰባብር ፕሮቲን) ይወጣል ወይ ብለሃል። ይወጣል። ጠላ ሲጠነሰስ ያየ ሰው ግማሹን ያውቀዋል።

ሞላሰስ ከሸንኮራ አገዳ ስኳር ሲመረት የሚተርፈው ጥቁር ዝልግልግ ፈሳሽ ነው፤ ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው። እንዳለ ከተውከው ግን እርሾው አይችለውም፤ ውሃውን ይመጥበታል። ሦስት አራት እጥፍ በውሃ አቅጥነው። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ገደማ ይሁን። የእናንተ ሰፈር ሌሊት ስለሚበርድ በርሜሉን ሸፈን አድርገው። ክዳኑን ግን ጥርቅም እንዳታደርግ፣ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ሲቀይር የሚወጣው ጋዝ ያፈነዳዋል።

ኢንዛይሙን እርሾው ራሱ ይሠራዋል። ኢንቨርቴዝ ይባላል፤ ስኳሩን ለሁለት የሚሰነጥቀው እሱ ነው። አጣርቶ መሸጥ ግን የላብራቶሪ ሥራ ነው። የአገዳው ጭማቂ የወጣለት ገለባማ ሌላ ጣጣ አለው፤ ገለባው የተሠራበትን ሴሉሎስ የሚባል ጠንካራ ነገር የዳቦ እርሾ ዞር ብሎም አያየው።

ነዳጁ ላይ ቁርጡን ልንገርህ። ከ1 ኪሎ ስኳር ቢበዛ ግማሽ ኪሎ ገደማ ኢታኖል፣ ማለትም ነዳጅ የሚሆነው አልኮል፣ ነው የሚገኘው። እንደ አረቄ ስታወጣው ደግሞ ከ96 በመቶ አያልፍም፤ ቤንዚን ውስጥ ለመግባት የቀረው ውሃ መውጣት አለበት። እነ ፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ለዚህ የሚሆን ማሽን አላቸው። አንተ ግቢ ውስጥ በእሳት እንዳትሞክረው፣ እንፋሎቱ ቦግ ይላል።

አተላውንም አስብበት። ለ1 ሊትር ኢታኖል 10 ሊትርና ከዚያም በላይ ይተርፋል። ወንዝ ውስጥ ከደፋኸው ዓሣውን ይጨርሰዋል።