20 በመቶ ይዘሽ ታክስ ብቻ ለሚደርስሽ እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ጉዳይ መሰለኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ከሦስት ጓደኞችሽ ጋር ሆም ኬር (ሰውን ቤቱ ሄዶ የሚንከባከብ ድርጅት) ከፈታችሁ። ድርሻሽ 20 በመቶ ነው። አምና ከሥራ አስወጡሽ፤ ትርፍ አይሰጡሽም፤ ኬ-ዋን፣ ማለትም የትርፍ ድርሻሽን የሚያሳየው የታክስ ቅጽ፣ ግን በየዓመቱ ይመጣልሻል። "80 በመቶው የነሱ ስለሆነ ዝም ብዬ ልቀመጥ?" ነው ያልሽው። አትቀመጪ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን እዚሁ ስቴት ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሩብ ድርሻ ነበረኝ።

ከታክሱ ልጀምር። ድርጅታችሁ ኤስ ኮርፖሬሽን (የትርፉን ታክስ ባለድርሻዎቹ የሚከፍሉበት ዓይነት) ከሆነ፣ ትርፉ ኪስሽ ባይገባም በድርሻሽ ልክ ታክስ ትከፍያለሽ። ለአይአርኤስ፣ ለአሜሪካው ግብር ሰብሳቢ፣ ገንዘቡ ደረሰሽ አልደረሰሽ ጉዳዩ አይደለም። ትንሹን ባለድርሻ ለማድከም ከዚህ የሚመች ዘዴ የለም። ጥቂት ዓመት ከኪስሽ ስትከፍዪ ቆይተሽ "በቃ በፈለጋችሁት ዋጋ ግዙኝ" ትያለሽ። የሚጠብቁትም እሱን ነው።

"ትርፌን ስጡኝ" ብለሽ አትጀምሪ። "ለማስፋፊያ ይዘነዋል" ይሉሻል፤ ፍርድ ቤትም እንዲህ ያለውን የቦርድ ውሳኔ በቀላሉ አይነካም። መዝገቡን ጠይቂ። በሜሪላንድ ሕግ ማንኛውም ባለአክሲዮን የኮርፖሬሽኑን መተዳደሪያ ደንብና የባለአክሲዮኖች ቃለ ጉባኤ ማየት ይችላል። ቢያንስ 5 በመቶ አክሲዮን ለስድስት ወር የያዘ ደግሞ የሂሳብ መዝገቡን ራሱን አይቶ ኮፒ ማድረግ ይችላል። በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን። በስልክማ "እሺ፣ እንልክልሻለን" ተብሎ ይቀራል።

እኔ መዝገቡን ሳገላብጥ "የአስተዳደር ክፍያ" የሚል ነገር አገኘሁ። በየወሩ ለሌላ ድርጅት ይከፈላል። የዚያ ድርጅት ባለቤት የዋናው ባለድርሻ ሚስት ነች! ትርፉ የት እንደሚገባ ያኔ ገባኝ። ድርጅቱን በእጁ ያደረገ ሰው የታማኝነት ግዴታ አለበት፤ የጋራውን ገንዘብ በጓሮ በር ወደ ቤቱ መውሰድ አይችልም። ያንን ወረቀት ኮፒ አድርጌ ካስቀመጥኩ በኋላ ስልኬን ማንሳት ጀመሩ።

ከሥራ መባረርሽም ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1951 ማሳቹሴትስ ውስጥ አራት ሰዎች 1,000 ዶላር እያዋጡ የአረጋውያን መንከባከቢያ ከፈቱ። አራቱም ይሠራሉ፣ እኩል ደመወዝ ይወስዳሉ። በኋላ ዊልክስ የሚባለው ከአንደኛው ጋር ተቃቃረ። በ1967 ሌሎቹ ደመወዙን አቆሙ፣ ከቦርድም አወጡት። ሥራውን ግን አላጓደለም ነበር። የስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1976 ለዊልክስ ፈረደ። ለእርምጃቸው ከንግዱ ጋር የተያያዘ ምክንያት ማሳየት አልቻሉማ!

የሜሪላንድ ሕግ ደግሞ ድርጅቱን የያዙት ሰዎች ጨቋኝ ድርጊት ከፈጸሙ ድርጅቱ እንዲፈርስ መጠየቅን ይፈቅዳል። በ2005 በታየው የኤደንባም ጉዳይ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የባለድርሻውን ተገቢ ተስፋ፣ ማለትም ሲገባ በምክንያት የጠበቀውን፣ መዝኗል፤ ከማፍረስ የቀለለ መፍትሔም መስጠት እንደሚቻል ተቀብሏል። ድርጅታችሁ ዴላዌር ወይም ቴክሳስ ተመዝግቦ ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ የነዚያ ስቴቶች ፍርድ ቤቶች ለትንሽ ባለድርሻ ይህን ያህል አይራሩም። ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር) ከሆነም ሕጉ ሌላ ነው። ምዝገባውን መጀመሪያ አጣሪ።

ፍርድ ቤቱ ተስፋሽን ስለሚመዝን፣ ስትገቢ ምን እንደተባልሽ ማስረጃ ፈልጊ። የኛ ሰው "በኛ መሀል ወረቀት ምን ያደርጋል" ብሎ ውል አይፈራረምም፤ ቫይበር ላይ ግን ሁሉን ይጽፋል። "ስኬጁሉን አንቺ ትይዣለሽ፣ ደመወዝ አለሽ" የሚል መልእክት ካለ ስልክ ሳትቀይሪ አስቀምጪው።

ሽማግሌ መላኩን አልቃወምም። የኔንም የጨረሱት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ግን መዝገቡ ከታየና ገለልተኛ ሰው አክሲዮኑን ከገመተ በኋላ ነው። ሽምግልናው ላይ "ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም" የሚል ወረቀት ካቀረቡልሽ ጠበቃ ሳያየው አትፈርሚ። ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ አብዛኛው የፍትሐ ብሔር ክስ በሦስት ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ "ፋሲካ ይለፍና፣ ክረምት ይለፍና" ሲሉሽ ቀኑን ቁጠሪ።