«እናንተ ብትሞቱ እኛን ማን ይወስደናል?»

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሮም ነው። ባለቤቴ ያደገውም እዚሁ ነው። በልጅነቱ ይወደው የነበረውን «ታይገር ማስክ» የተባለ፣ ስለ አንድ ጭምብል ለባሽ ሬስለር (የነፃ ትግል ተፋላሚ) የሚተርክ የጃፓን አኒሜ (ተከታታይ ካርቱን) ከስምንት ዓመት ልጃችን ጋር ማየት ጀምሯል። ልጁ አሁን ታናሽ እህቱን አንስቶ ሶፋ ላይ ይጥላታል፤ ሌሊት ይባንናል፤ «እናንተ ብትሞቱ እኛን ማን ይወስደናል?» እያለም ይጠይቀኛል። ይቅርበት ስል ባለቤቴ «እኔ ይህን አይቼ አድጌ ምን ሆንኩ?» ይለኛል። በየማታው እንጨቃጨቃለን።

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የልጅሽ ጥያቄ ነው። ልጁን ቡጢው ብቻ አይደለም ያስፈራው። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1971 በ105 ክፍል የተሠራው የዚህ አኒሜ ጀግና ናኦቶ ዳቴ ወላጅ አልባ ነው። ያሠለጠነው ጨካኝ ድርጅት ከገቢው ግማሹን ይፈልጋል፤ እሱ ግን ገንዘቡን ላደገበት የሕፃናት ማሳደጊያ ስለሚሰጥ ገዳይ ተፋላሚዎች ይላኩበታል። የስምንት ዓመት ልጅ የሞተ ሰው እንደማይመለስ ያውቃል። ስለዚህ ጥያቄው የምሩን ነው።

«እንዲህ ያለ ሟርት አታውራ» አትበዪው፤ «አንሞትም» ብለሽም አትማዪለት። ቀን ላይ፣ ረጋ ብለሽ፣ «ብዙ ዓመት አብረን እንድንኖር ነው የምናስበው። አንድ ነገር ቢያጋጥመን ግን አክስትህ ትወስዳችኋለች፤ አትለያዩም» በዪው። አስቀድማችሁ ከአክስቱ ጋር ተነጋገሩ፤ እውነት መሆን አለበት። ደጋግሞ ቢጠይቅሽ ያንኑ መልሽለት።

ሬስሊንጉን ደግሞ አባቱ ያስረዳው። በመድረኩ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ የሚወረወረውም አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ በጀርባው መውደቅን የተለማመደ ነው። ወርዋሪውና ተወርዋሪው ይተባበራሉ። አኒሜው ይህን ምስጢር ትቶ ደሙን የእውነት ደም፣ ሞቱን የእውነት ሞት አድርጎታል። እነጃያንት ባባና አንቶኒዮ ኢኖኪን የመሳሰሉ በእውን የነበሩ ሬስለሮችንም ስላስገባ፣ ልጁ እውነት ቢመስለው አይገርምም። እህቱ አወዳደቅ አልተማረችም፤ እሷን ማንሳት ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው። መታገል ሲያምረው ከአባቱ ጋር ፍራሽ ላይ ይታገል።

ባለቤትሽም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። እ.ኤ.አ. በ2010 በገና ዕለት ማኤባሺ በተባለች የጃፓን ከተማ፣ በአንድ የሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ደጃፍ 10 አዲስ የተማሪ ቦርሳዎች ተገኙ፤ የሰጪው ስም «ናኦቶ ዳቴ» ይላል። ከዚያ በመላ ጃፓን ብዙዎች በዚሁ ስም ለማሳደጊያዎች ስጦታ ላኩ። አባትየው የወደደው ይህን ደግነት ሊሆን ይችላል፤ ቁጭ ብለሽ ጠይቂው። ነገር ግን የሱ ልጅነት ለልጁ መለኪያ አይሆንም፤ የሚባንነው ልጁ ነው። እንቅልፉ እስኪስተካከል አኒሜው ይቁም። ሲቀጥሉም ቀን ይሁን፣ አባቱ ከጎኑ ይቀመጥ፣ ልጁ «ይብቃኝ» ባለበት ይጥፋ።

ይህን ልጆቹ በሌሉበት ተስማሙበት። ወላጆቹን ስለማጣት የሚጨነቅ ልጅ በየማታው ጭቅጭቃችሁን ሲሰማ ልትለያዩ ነው ብሎ ያስባል። መባነኑ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ወይም ከእናንተ መለየት ፈርቶ ትምህርት ቤት አልሄድም ካለ፣ የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሁለታችሁም ይዛችሁት ሂዱ።